በሙከራው ወረቀት ጀርባ

ሰኞ 4

ደብተር ልገዛ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ምን ያስገዛኛል? መሳቢያዬ ጀርባው ባዶ በሆነ ወረቀት ተሞልቷል። ፊቱ የልብ መስመር የታተመበት ሮዝ ካሬ ነው፤ ጀርባው ግን ነጭና ለስላሳ፣ እስክሪብቶ የሚወድ። በስቴፕለር እያያዝኩ እዚሁ ላይ እጽፋለሁ። ጽሑፉ ወደ ላይ፣ መስመሩ ወደ ታች።

መስመሩ የማን ነው ቢባል የእኔ ነው። የምሠራው ልብ በሚመረመርበት ክፍል ነው። በሽተኛው ደረቱ ላይ ዐሥር ገመድ ይለጠፍበትና መሮጫ ማሽን ላይ ይራመዳል። በየሦስት ደቂቃው ማሽኑ ይፈጥናል፣ ዳገትም ይሆናል። ልቡ ሲደክማት የምትለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። የእኔ ሥራ ማጽዳት፣ የወንዶቹን ደረት መላጨት፣ ገመድ መለጠፍና "አይዞዎት" ማለት ነው። በተጨማሪ ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው በሽተኛ ሳይገባ፣ ማሽኑ በትክክል ማንበቡን ለማየት አንድ ሰው ሦስት ደቂቃ መራመድ አለበት። ቴክኒሺያናችን ጋሼ "እኔ በዚህ ቦርጭ?" ብሎ ሆዱን መታ መታ አደረገ። ይህን ካለ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የምራመደው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ በስም ቦታ "ሙከራ" ተብሎ ይወጣል። ጋሼ ያየዋል፣ "ንጹሕ!" ይላል፣ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። እኔ አነሣዋለሁ።

ማንበብም የተማርኩት ከዚያው ቅርጫት ነው። የተቀደደ የማሽን መመሪያ፣ ጋሼ የጣላቸው ማስታወሻዎች፣ ዶክተሮች ለተማሪ ሲያስረዱ በሶፍት ላይ የሳሏቸው ሥዕሎች። ረጅም ጫፍ አለ፣ ከጫፉ ቀጥሎ ሜዳ፣ ከሜዳው ቀጥሎ ጉብታ። ሜዳው ሜዳ ሆኖ መቆየት አለበት። ሰውየው ሲራመድ ወደ ታች ከሰመጠ ልቡ ደም አንሶታል ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ዓመታት አለፉ፤ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ዛሬ ግን አመለጠኝ። የክፍላችን ዶክተር የአንድ በሽተኛ ወረቀት ይዛ ስታቅማማ እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ከኋላዋ፣ "ሁለት ካሬ ሰምጧል" አልኩ።

ዶክተሯ ዘወር አለች። "ማነው የተናገረው?"

"ዝምታዬ ናት!" አለ ጋሼ። እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "እኔ ደግሞ ግድግዳው አፍ ያወጣ መስሎኝ!"

ዶክተሯ ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አራቱንም አነበብኩላት። ከዚያ፣ "ጋሼ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል። ለምን አንቺ አትተኪውም እትዬ? ሐሙስ 28 እፈትንሻለሁ" አለች።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። (ቅቤ ለልብ ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይቺን አንዷን ግን ትጠጣ።) እግሬ መሬት ሳይነካ ቤት ደረስኩ።

የግራ መንጋጋዬ ብቻ ጠዋት መሮጫው ላይ ጨምደድ አደረገኝ። ጥርስ ነው።

ሐሙስ 7

ዛሬ አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከስድስት ወር በፊት አንዱ የልብ ደም ሥሩ ተደፍኖ በእጅ አንጓው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከፍተውለታል። አሁን ወደ ሙሉ ሥራው መመለስ ይችል እንደሆነ ሊታይ ነው። ሲገባ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው፣ ክራቫት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ የቆዳ ጫማ።

"ቀለል ያለ ጫማ ያድርጉ አልተባሉም?" አልኩት።

"ተብያለሁ። ግን እመቤቴ፣ ሞት ቢመጣብኝ በሸራ ጫማ ልቀበለው?"

"እዚህ ክፍል ለመግባት ቀጠሮ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ! በአፌ! ጋሼ እስክሪብቶው ወደቀበት።

የጋሼን ሸራ ጫማ አጠለቅንለት፤ ሁለት ቁጥር ይበልጠዋል፣ እንደ ዳክዬ ነው የተራመደው። የመሮጫውን መያዣ ብረት ጨምድዶ ሲይዝ "በጣትዎ ብቻ ይንኩት፣ አያመልጥም" አልኩት። ዘጠኝ ደቂቃ ሄደ። ልቡ በደቂቃ መቶ ሠላሳ ስምንት ደረሰ፣ ለዕድሜው የሚፈለገውን ያህል። ሜዳው ሜዳ ነበር፤ አንዲት ካሬ እንኳ አልሰመጠም።

ሲወርድ ላቡን እየጠረገ፣ "ይህን ሁሉ መንገድ ሄጄ እዚያው ነኝ!" አለ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ይህን ጋውንዎን የሰፋው ማነው? ድንኳን ሰፊ ነው?"

ሳቅሁ። ጋሼ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ፣ "አምስት ሰዓት ከሩብ፣ ዝምታዬ ሳቀች" ብሎ ጮክ ብሎ መዘገበ።

ማክሰኞ 12

በጥድፊያ። ዝናቡ ገብቷል። ስምንት በሽተኛ። ጋሼ ጠዋት "ንጹሕ" ለማለት ዘገየ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየው። "ገመድ ላልቷል" አለ። አጥብቄ ለጠፍኩት። ደግመን ሞከርን። ያው።

ጥርሴ።

ሐሙስ 14

ዛሬም ሜዳው ሰመጠ፣ በሁለተኛው ደቂቃ። ጋሼ ገመዶቹን አንድ በአንድ በአልኮል ወለወለ። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ስትወጣበት ግን ማሽኑ ጭራሽ እንደ አዲስ አነበበ።

"ገባኝ!" አለ ጋሼ። "ማሽኑ ብርድ ይዞታል። ማታ ማታ በመስኮቱ ስንጥቅ የዝናቡ ነፋስ ይገባበታል። ጠዋት እስኪሞቅ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይስተካከላል።"

ከቤቱ ብርድ ልብስ ሊያመጣለት ነው። ሳቅሁ። ከዚያ ቆም ብሎ አየኝና፣ "አንቺ ግን ደህና ነሽ ዝምታዬ?" አለኝ።

"እኔ ምን እሆናለሁ!" ብዬ ሁለቴ ዘለልኩለት፣ እንደ ሕፃን። ዐይኔን በጨው አጥቤ። ከዚያ መጋዘን ገብቼ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከመዝለል የመጣ ድካም ነው።

እሑድ 17

አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ልጄ ዛሬ ከኋላዬ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ አገኘችኝ።

"እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"የጎረቤትን አበባ አያለሁ። እንዴት አምሮበታል!"

"ደርቋል እኮ።"

አየሁት። እውነትም ደርቋል። "ለዚህ ነው የማየው፣ አሳዘነኝ" አልኳት።

"ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ? 'እናትሽ በየፎቁ ቆማ በር ላይ ጆሮዋን ትደቅናለች' ነው የሚሉኝ!"

ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን። እኔን ከሷ በፊት አመመኝ። ወደ ግራ ክንዴ ትንሽ ወረደ። ጥርስ ክንድ ድረስ ይወርዳል? ይወርድ ይሆናል። ሥሩ ረጅም ሊሆን ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ለፈተናው ሳጠና ዋልኩ። ልጄ ጠያቂ፣ እኔ መላሽ። "በሽተኛው መሮጫው ላይ ሳለ መቼ ነው የምታስቆሚው?" ደረቱን ሲያመው፤ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲሄድ፤ ሲያዞረው፤ የደም ግፊቱ መጨመር ሲገባው ሲወርድ፤ ሜዳው ከሁለት ካሬ በላይ ሲሰምጥ።

"ጎበዝ!" አለች ልጄ፣ ወረቀቱን እያየች። ከወረቀቱ ቀና ብትል ኖሮ ፊቴን ታይ ነበር። ደግነቱ ቀና አላለችም።

ረቡዕ 20

ልብስ ሰፊው መጣ! ቀጠሮም የለው፣ ሕመምም የለው። በአንገቱ ሜትር አንጠልጥሎ።

"ዶክተሯ ወረቀቴን አይታ ወደ ሥራህ ተመለስ ብላኛለች። የመጀመሪያ ሥራዬ ያ ድንኳን ነው" አለ። ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ትከሻዬን ለካ፣ ክንዴን ለካ። ቁጥሩን የጻፈው በእጁ መዳፍ ላይ ነው። "እጄን እስከማታ አልታጠብም" አለኝ፤ ደግሞ "አልታጠብልሽም" ብሎ ደገመው። በአንቺ! ማንም አልሰማም። እኔ ሰማሁ።

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። እንዲህ መሆን አሳፋሪ ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ የመላጫ ሣጥኑን የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ እጄ ላይ ነበር።

ደግሞ አንድ ጥፋት ልናዘዝ። ቀኑ ያለፈበት፣ ከምላስ ስር የሚደረገው የልብ ክኒን ሊጣል ተለይቶ ነበር። አንዱን ለጥርሴ ሞከርኩት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀጥ! ጎበዝ ክኒን ነው፤ ለጥርስም ይሠራል።

ዓርብ 22

የጥገና ባለሙያው መጣ። ማሽኑን ከፈተ፣ ተነፈሰበት፣ ዘጋ። አዲስ ገመድ ገጠመ። ብርድ ልብሱን ሲያይ "ይኼ ምንድነው?" አለ። ጋሼ በኩራት አስረዳው። ባለሙያው ጋሼን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ። "ሾርባስ ትሰጡታላችሁ?" አለ።

ተራመድኩ። አዲሱ ገመድም ያው ነው የሚለው። እንዲያውም ባሰው።

"ታዲያ ውስጡ ነው" አለ ባለሙያው። ይህንኑ ወረቀት ላይ ጽፎ ፈርሞ ሄደ። በሕይወቴ እንዲህ በፊርማ የተረጋገጠ ውሸት ይዤ አላውቅም። ውሸት አላልኩም እኔ። ምንም አላልኩም።

ሰኞ 25

ዶክተሯ ዛሬ አልሳቀችም። ሁላችንንም ሰብስባ፣ "ማሽኑ ጤነኛውን ታማሚ የሚል ከሆነ፣ ታማሚውንም ጤነኛ ሊል ይችላል። የዚህን ወር ውጤት ማመን አልችልም" አለች። ሌሎቹ በሽተኞች ሌላ ቦታ ይደገማሉ። የልብ ደም ሥር የተከፈተላቸው ግን መጠበቅ የለባቸውም፤ ቱቦው ገብቶ በዐይን ይታይ።

የልብ ደም ሥር የተከፈተለት የዚህ ወር በሽተኛ አንድ ብቻ ነው። ቀጠሮው ዓርብ 29።

ዝርዝሩን እኔ ነኝ በንጹሕ የገለበጥኩት። እጄ ጽፎታል።

ማክሰኞ 26

ጋውኑን አመጣው። ነጭ፣ ወገቡ ላይ ልክ፣ ኪሱ ለእስክሪብቶ የሚሆን ጠባብ ክፍል ያለው። ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ማን እንደሆንኩ ጠፋኝ።

"ለሐሙስ ፈተናሽ ነው" አለ። እንደ ሁልጊዜው ሊቀልድ ሞከረ። "እኔ ደግሞ ዓርብ እንደገና ልከፈት ነው። ዚፕ ብታስገቡልኝ ይሻል ነበር።" ኮሌታውን ሊያስተካክልልኝ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ የላይኛውን ቁልፍ ሁለቴ ሳቱት። በመርፌ ዐይን ክር በአንዴ የሚያስገቡ ጣቶች።

"በፊቱ ጊዜ ሲከፍቱኝ ጠረጴዛው ላይ ልቤ አንድ ጊዜ ቆማ ነበር" አለኝ በዝግታ። "ለማንም አልተናገርኩም። አያድርገውና ደግማ ብትቆም የመጨረሻ ሥራዬ ያማረ ይሁን ብዬ ነው የቸኮልኩት።"

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። "ኪሱ ጥሩ ነው" አልኩ።

ኪሱ ጥሩ ነው! ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ፣ አንድ ቀን መናገር ሲኖርብኝ ስለ ኪስ አወራሁ።

ረቡዕ 27

መሳቢያውን አወጣሁና ወረቀቶቹን ሁሉ ገለበጥኳቸው። በፊታቸው። በቀን ቅደም ተከተል አልጋው ላይ ደረደርኳቸው።

አላጠናሁም። ማጥናት አያስፈልግም።

ነገ እውነቱን ብናገር ቦታውን አላገኝም። መሮጫው ላይ መቆም የማይችል ሰው እንዴት ሌላውን ያስቆማል? ልጄ ምሳ ልትጋብዘኝ ቃል ገብታለች። ጋውኑ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ውስጡ ሰው ያለ ይመስላል።

ሐሙስ 28

ይህን የምጽፈው ተኝቼ ነው፣ ነርሷ "አይጻፍም" እያለች። እንደምንም ልጻፈው።

ፈታኞቹ ዶክተሯና ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ክራቫት አስሮ መጥቷል፣ እኔን ሊፈትን ሳይሆን ሊድረኝ ነው የሚመስለው።

ዶክተሯ ጠየቀች፣ "መቼ ነው የምታስቆሚው?" ሁሉንም አልኩ።

"በሽተኛው 'ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ' ቢልስ?"

"አላምነውም። ሰው መሮጫ ላይ ሆኖ ደህና ነኝ ሲል አፉን አልሰማም፣ ፊቱን ነው የማየው።"

"በጣም ጥሩ" አለች። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች። ስም፦ ሙከራ። የዓርብ ነው። "የመጨረሻው። የማሽን ጥፋት ምን እንደሚመስል አስረጂኝ።"

ጋሼ ጠቀሰኝ። ቀላል ነው ማለቱ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ በጥገና ባለሙያው ፊርማ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ወረቀቱን ያዝኩ። "የማሽን ጥፋት ቢሆን መስመሩ ይዘላል፣ ይቆራረጣል፣ ትንፋሽን ተከትሎ ይዋልላል። ይህ አይዋልልም። እያንዳንዱ ምት ላይ እኩል ነው የሚሰምጠው። ሲጀምር ሜዳው ደህና ነው፤ በሁለተኛው ደቂቃ ሁለት ካሬ፣ በሦስተኛው ሦስት። ሲቆም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ማሽኑ ጤነኛ ነው ዶክተር። ይህ ሰው መቆም ነበረበት።"

"የማን ነው?" አለች ዶክተሯ።

"የማሽኑ ነው፣ ሙከራ ነው እኮ..." አለ ጋሼ። ጀምሮ አልጨረሰውም። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት።

"የእኔ ነው" አልኩ። ከጋውኔ ኪስ ሌሎቹን አወጣሁ፣ የአራት ሳምንቱን። "ልብስ ሰፊውን ነገ አትክፈቱት። የሱ ወረቀት እውነት ነው።"

ይህን ስል መንጋጋዬ ተያዘ። ክንዴም። ዶክተሯ "ያምሻል?" አለችኝ። "ደህና ነ..." ብዬ ቆምኩ፤ ፊቴን እያየች ነበር። "ያመኛል" አልኩ። ቃሉ እንዴት ቀላል ነው! ወር ሙሉ ተሸክሜው እንደዚህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ እያመመኝ ሳቅሁ።

ዶክተሯ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ክኒኑን ምላሴ ስር አደረገች። ጋሼ ደግሞ ሄዶ ከማሽኑ ላይ ብርድ ልብሱን አነሣና እኔን አለበሰኝ። "አንቺን ትቼ ማሽኑን ሸፈንኩ፣ አንቺን ትቼ ማሽኑን" ይላል ደጋግሞ። ጠርዙን ከአገጬ ስር ወተፈው።

ረቡዕ 4

የልቤ ደም ሥር ሁለት ቦታ ጠቦ ነበር፤ አንዱ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶት። ከፍተውታል። በእጅ አንጓ። የልብስ ሰፊውን ቀጠሮ ግን ሰርዘውታል።

ዶክተሯ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ለማየት ወረቀቶቹን ሁሉ ፈለገቻቸው። ስቴፕል የተደረጉትንም። ይህን ደብተር! ጀርባውን! ልጄ ምንም ሳትጠይቀኝ አስረከበቻት። ብርድ ልብሱን እስከ ዐይኔ ሳብኩ።

ዛሬ መለሰችልኝ። "ፊቱን ብቻ ነው ያየሁት፣ በሙያዬ ይሁንብኝ" አለች። በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። "ለመሆኑ እትዬ፣ እጁን ታጠበ?"

ልጄ አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "አበባ አያለሁ አልሽኝ" አለች። ያንን ብቻ። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች።

ሰኞ 23

ዛሬ ራሴ ተመረመርኩ። እንደ በሽተኛ፣ በቀጠሮ። ገመዱን የለጠፈልኝ ጋሼ ነው፤ እኔ እስክድን ጡረታውን አራዝሟል። "ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወረቀትሽን በደንብ ልየው ብዬ ነው" ይላል። ጠዋት ማሽኑን የሚሞክረው ሰው አሁን በየቀኑ ይለዋወጣል፣ ወረቀቱም በስሙ ይወጣል፣ ፋይልም አለው። የዛሬው ተራ የጋሼ ነበር። ከነቦርጩ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማሽኑን ሲሰድብ ቆየ።

ልብስ ሰፊው ሸራ ጫማ ገዝቶልኝ መጣ፤ ራሱም ሸራ ጫማ አድርጓል፣ ከሙሉ ልብስ ጋር። "ሞት ቢመጣስ?" አልኩት።

"ይምጣ፣ አሁን መሮጥ እችላለሁ።"

ዘጠኝ ደቂቃ ሄድኩ። መቶ አርባ አራት። ዶክተሯ አላነበበችልኝም። ወረቀቱን ዘርግታ፣ "በይ ቴክኒሺያን፣ አንብቢው" አለች።

አነበብኩት፣ ጮክ ብዬ። ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ሜዳው ሜዳ ነው። በስም ቦታ ላይ ደግሞ ስሜ አለ፣ ከነአባቴ።

ይህን የምጽፈው በጀርባው አይደለም። ፊቱ ላይ፣ ከመስመሩ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ጠባብ ስለሆነ ፊደሌ አንሷል፣ ግን ይበቃል።